የምሳ ሰዓት ትምህርት

ሃርዩላ፣ ፊንላንድ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1974

ለተከበሩ እትዬ ሂልያ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ኬርቱና ሁለቱ ልጆች እጅ ይነሳሉ። ሐይቁ አሁንም እንደ ድንጋይ ነው፤ ትናንት የወተት መኪናው አቋራጭ ብሎ በላዩ ሲያልፍ አየሁ።

በድንገት ስጽፍልዎ እንደሚገርምዎ አውቃለሁ። አባቴና እርስዎ የወንድማማች ልጆች ሆናችሁ ሳለ፣ እኛ ቤት ከገና ካርድ በቀር እርስዎ ካሉበት ከቬስተሮስ የመጣ ወረቀት አይቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ አባቴን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ ካረፉ እንኳ ሁለት ዓመት ሞላቸው።

የምጽፍልዎ ስለ ሥራ ቤቱ ነው። እርስዎ አገር ሲለቁ ሰባት ሰው የነበረበት የእንጨት ሥራ ቤት ዛሬ አሥራ ሰባት ሠራተኛ አለው። የምንሠራው ያው በር ነው። ባለፈው ወር በአውራጃው ለሚሠሩት አዳዲስ ትምህርት ቤቶች አራት መቶ በር ለማቅረብ ውል ፈረምኩ፤ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ። ከቢሮው ስወጣ ልዘል ምንም አልቀረኝም። ቤቴ ስደርስ ግን ማን ሊሠራው ነው ማለት ጀመርኩ። ከጀርመን ያስመጣሁትን አዲሱን የመላጊያ ማሽን በትክክል ማሠራት የምንችለው እኔና ጋሽ ቪልሆ ብቻ ነን። ጋሽ ቪልሆን መቼም አይረሱትም። ስድሳ ሦስት ዓመት ሆነው፤ እሱ ባስነጠሰ ቁጥር እኔ እደነግጣለሁ።

ቬስተሮስ በአገራችን ሰው ተሞልቷል ይባላል። ማሽን የሚያውቁ፣ ወደ አገራቸው መመለስ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ቢያፈላልጉልኝ ውለታዎን አልረሳም። ቤት አዘጋጅላቸዋለሁ፤ ሳውናም አለው።

አክባሪዎ ኦይቫ


ቬስተሮስ፣ ስዊድን
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1974

ይድረስ ለኦይቫ፣

ጤና ይስጥልኝ የኔ ልጅ። እግዚአብሔር አንተንም ቤትህንም ይባርክ። ደብዳቤህን ከሥራ ስመለስ ደጃፌ ወድቆ አገኘሁት። የእጅ ጽሑፍህ ቁርጥ የአባትህ ስለሆነ ኮቴን ሳላወልቅ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ኤሜሊን ነፍሱን ይማር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የኛ ሰዎች ሲሰበሰቡ መልእክትህን አደረስኩ። አሥር ይሆናሉ፤ ሁሉም ሳቁ። አንዱ፣ «ሳውናው ካለ ሐይቁንም ይጨምርልኝ እንደሆን ጠይቂልኝ» አለ። እዚህ ቤት ተከራይተዋል፣ ልጆቻቸው በስዊድንኛ መሳደብ ጀምረዋል። አይመጡልህም።

ይልቅ እኔ ልጠይቅህ። አሥራ ሰባት ሰው አለኝ ብለህ የአንዱን ስም ብቻ ጠራህ። የቀሩት እነማን ናቸው? ምን እንደሚሠሩ ብቻ ሳይሆን ምን መቻል እንደሚፈልጉ ጻፍልኝ። እኔ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ በጽዳት ነው የገባሁት። ዛሬ አዲስ ገቢዎችን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ። ከግሪክ የመጣው፣ ከዩጎዝላቪያ የመጣው ሁሉ በእጄ ያልፋል። በቋንቋ የማንግባባው ሰው እንኳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽቦውን እንደ ሹራብ ሲጠቀልለው አያለሁ። ስለዚህ «ያሉኝ ሰዎች አይሆኑም» ብትለኝ አልሰማህም።

ኬርቱን ሳምልኝ።

ሂልያ


ሃርዩላ፣ ማርች 12 ቀን 1974

ለውድ እትዬ ሂልያ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ደህና ነን፤ ትንሿ ልጄ ኩፍኝ ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

እንዳሉኝ ሰኞ ጠዋት ደብተር ይዤ በሥራ ቤቱ ዞርኩ። ምን እንደሚሠሩ ሳልጠይቅም አውቃለሁ። «ምን መቻል ትፈልጋለህ?» ስል ግን ጤናዬን የተጠራጠሩ ይመስል ዐይን ዐይኔን ያዩኝ ጀመር። መጋዝ ላይ የሚሠራው ራይሞ ደንግጦ፣ «ልታሰናብተኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ጋሽ ቪልሆ ቀና ሳይል፣ «የምፈልገው ሰው ሳያናግረኝ መሥራት ነው፤ ለምሳሌ አሁን» አለ። ቀለም ክፍል ውስጥ አምስት ሴቶች አሉ። በዕድሜ የምትበልጠው ሲልቪ ብሩሿን አስቀመጠችና፣ «ሃያ ሦስት ዓመት እዚህ ስሠራ ይህን የጠየቀኝ የለም» አለች። «እንግዲህ ጠየቅኩሽ» ስላት፣ «ሃያ ሦስት ዓመት ከጠበቅኩ አንተ አንድ ሳምንት ጠብቅ» ብላ ብሩሿን አነሳች።

ከዚያ አርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰብስቤ አስተማርኩ። የማሽኑን መጽሐፍ ከጀርመንኛ እየመለስኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። ስጨርስ ሦስቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ አንዱማ ያንኮራፋል። ልቀሰቅሰው ስል ጋሽ ቪልሆ፣ «ተወው፣ የገባው እሱ ብቻ ነው» አለ። ሥራ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ከፋብሪካችሁ የማስተማሪያ መጻሕፍት ቢልኩልኝ እንደምንም እተረጉማቸው ነበር።

ኦይቫ


ቬስተሮስ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1974

ኦይቫዬ፣

ልጅቷን እግዚአብሔር ያሳድግልህ። ደብዳቤህን አውቶቡስ ላይ ሳነብ ስቄ ስቄ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ቦታ ቀየሩ።

መጽሐፍ አልልክልህም። መጽሐፍማ አለህ፤ ሰዎችህን ያስተኛውም እሱ ነው። ማሽኑን አስነካቸው። የማይፈለግ እንጨት ለይተህ ከምርና «ይህ እንድታበላሹት የተሰጣችሁ ነው» በላቸው። አንድ አስተማሪ ለአንድ ተማሪ ይሁን። መጀመሪያ አስተማሪው ያሳይ፣ ከዚያ ተማሪው ይሥራ፣ በመጨረሻ ተማሪው ለአስተማሪው መልሶ ያስተምረው። መልሶ ማስተማር ያልቻለ አልገባውም ማለት ነው። ደግሞ በሥራ ሰዓት አድርገው። የምሳቸውንና የእረፍታቸውን ሰዓት አትንካባቸው።

ሲልቪ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከልለው ናት? ሰላም በልልኝ። አብረን ቀለም ቀብተናል። ሳምንቱ አልፏልና ሄደህ መልሷን ስማ። ማሽኑን እንደምትልህ እጠረጥራለሁ።

ሂልያ


ሃርዩላ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1974

ለውድ እትዬ ሂልያ፣

እንደምን ከረሙ? በረዶው ሄዷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እኔም እንደ መንገዱ ነኝ።

እንዳሉኝ ጀመርኩ። ጋሽ ቪልሆን ለምኜ ራይሞን አጠገቡ አቆምኩለት። የመጀመሪያ ሳምንት የተከመረውን እንጨት ሁሉ ፈጀው፤ በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑን ብቻውን ያሠራው ጀመር። እንዴት እንደተደሰትኩ! ከዚያ ባለፈው ሐሙስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣና ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የመስኮት ፋብሪካ መቀጠሩን ነገረኝ። ለሌላ ሰው ነው ያስተማርኩት! ያን ሁሉ እንጨት ያነደድኩት፣ ያን ሁሉ ሰዓት የከፈልኩት ለጎረቤት ኖሯል። ትምህርቱን አቁሜያለሁ።

ሲልቪ እርስዎ እንዳሉት ማሽኑን አለች። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ነገሩ ግር ብሎኛል። ለጋሽ ቪልሆ ሳነሳለት ፊቱ ተለዋወጠ። «ሴት አላስተምርም» አለ። «ለምን?» ብለው፣ «አላስተምርም አልኩህ፤ ብትፈልግ አባረኝ» ብሎ ወጣ። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

እስካሁን የሠራነው ሰባ በር ነው። እትዬ፣ ሌላ መላ የለኝም፤ እርስዎ ራስዎ ቢመጡልኝስ? ለበጋው ብቻ። ባለሙያ የሚከፈለውን እከፍላለሁ፤ ከኛ ጋር ያርፋሉ። ልጆቹም ይወዱዎታል። መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ኦይቫ


ሃርዩላ፣ ሜይ 25 ቀን 1974

ለውድ እትዬ ሂልያ፣

መልስዎ ስለዘገየብኝ አሳብ ገብቶኛል። አሟቸው ይሆን? ወይስ የተናገርኩት ነገር አስቀይሟቸው ይሆን? እያልኩ ነው። አስቀይሜዎት ከሆነ ሳላውቅ ነውና ይቅር ይበሉኝ። ስለ መምጣቱ ያልኩትን ይተዉት። ደህና ነኝ የሚል አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ።

ኦይቫ


ቬስተሮስ፣ ጁን 9 ቀን 1974

ኦይቫ፣ የኔ ልጅ፣

ደህና ነኝ። አላመመኝም። ተናድጄ ነው የቆየሁት፤ ባንተ ግን አይደለም። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት በሞተ ሰው ስትናደድ ታሳፍራለች፣ እስኪበርድልኝ ብዬ ነው።

በ1950 እኔ አባትህ ዘንድ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ማሽን መማር እፈልጋለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። ኤሜሊ ክፉ ሰው አልነበረም። ሳቅ ብሎ «ጣትሽን ልታጪ ነው?» አለኝ፤ በቃ። እኔ ግን በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲበሉ ተማርኩ። ያሳየኝ ሰው ነበር፤ ስሙ ይቅር። አንድ ክረምት ሙሉ ምሳዬን ቆሜ እየበላሁ ተማርኩና በማርች ወር አንድ በር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጄ ሠራሁ። አባትህ በሩን በጣቱ እየዳሰሰ «ይህን የሠራው ማነው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። ጣቱን ከበሩ አነሳ። በማግስቱ በሩን የገዛው ሰው ሲያመሰግን «የቪልሆ እጅ ነው» ብሎ መለሰለት፤ እኔ እዚያው ቆሜ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «በይ የኔ እህት፣ ብሩሹ ይደርቃል» አለኝ። በዓመቱ መርከብ ተሳፈርኩ።

ይህን የምነግርህ አባትህን እንድትጠላው አይደለም። ስለ ራይሞ ስትጽፍልኝ እኔን ስላስታወሰኝ ነው። አስተማርኩት፣ ሄደ ትላለህ። ከተማረ በኋላ ምን ሰጠኸው? ደመወዙ ከፍ አለ? ማሽኑ ያንተ ነው፣ ኃላፊነቱም ያንተ ነው አልከው? ወይስ ያው ራይሞ፣ ያው ቦታ? ሰው መቻሉን ካወቀ በኋላ እንዳልቻለ ሆኖ መኖር አይሆንለትም። እኔ አልሆነልኝም።

መምጣቱን ግን አትጠይቀኝ። ያን ደጃፍ ማየት አልፈልግም።

በፍቅር፣ ሂልያ


ሃርዩላ፣ ጁን 26 ቀን 1974

ለምወድዎ እትዬ ሂልያ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አባቴ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። እሳቸው ቢኖሩ ይጠይቁ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም።

ራይሞን ምን ሰጠኸው ላሉኝ፣ መልሱ ምንም ነው። ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት።

ለሲልቪ አነበብኩላት፤ ታውቀው ኖሯል። «ሁላችንም እናውቃለን» አለችኝ። ከዚያ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ጋሽ ቪልሆ ሄድኩ። የማሽኑን ስለት ይስል ነበር። «እትዬ ሂልያ የሠሩትን በር የሠራኸው አንተ ነህ ተብሎ ነበር?» አልኩት። እጁ ቆመ።

«ጻፈችልህ?» አለ።

«ጻፉልኝ።»

«ማን እንዳስተማራትስ ጻፈች?»

«ስሙ ይቅር ብለዋል።»

ያን ጊዜ ቁጭ አለ። ጋሽ ቪልሆ በሥራ ሰዓት ሲቀመጥ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። «እኔ ነኝ» አለኝ። «አንድ ክረምት ሙሉ በምሳ ሰዓት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከኔ ቀድማ የእንጨቱን ድምፅ ትሰማ ነበር። አባትህ 'የቪልሆ እጅ ነው' ሲል እዚያው ነበርኩ። የሷ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አየችኝ፣ ዐይኔን ሰበርኩ። አስተምሬ አገር አስለቀቅኳት። ሌላ ሴት አላስተምርም ያልኩህ ስለዚህ ነው፤ ሴት አትችልም ብዬ አይደለም።»

እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ በየበጋው እሳት የምናነድበት የዩሐኑስ በዓል ነበር፤ ሐይቁ ዳር እሳት ሲነድ እሱ ብቻውን ጀልባው ላይ ነበር። ሰኞ ጠዋት ቀለም ክፍል ገባና ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ሲልቪ፣ ነይ። ጣትሽን የምትወጂው ከሆነ ግን መጀመሪያ እጅጌሽን ጠቅልዪ» አላት። ሲልቪ አፏን በእጇ ከለለች፤ ስታለቅስም እንደዚያው ናት ለካ።

ማሽኑን ከነካችበት ቀን ጀምሮ የሚከፈላት የማሽን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ያደረግኩት ነው፣ ይወቁልኝ።

ኦይቫ


ቬስተሮስ፣ ጁላይ 8 ቀን 1974

ኦይቫዬ፣

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ቪልሆ ሃያ ሦስት ዓመት በዚያ ነገር ሲያፍር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ረስቶኛል ብዬ ነበር።

ኦገስት ላይ የአሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ አለኝ። እመጣለሁ። ክፍያ የሚል ቃል ብታነሳ ከወደብ እመለሳለሁ። ሰብስበህ ንግግር አድርጊ እንዳትለኝም። ሥራውን የሚያስተምረው ቪልሆ ነው፤ እኔ ቪልሆ እንዴት እንደሚያስተምር አስተምረዋለሁ። ያኔም ቢሆን ስልቱ ደካማ ነበር፣ ሲያሳይ አይናገርም፣ ሲናገር አያሳይም።

ሂልያ


ሃርዩላ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1974

እትዬ ሂልያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አንቺ ካላልከኝ አልመልስልህም ብለሽ አዘሽኝ ስለሄድሽ ይኸው ተደፋፍሬ እጽፋለሁ፤ ኬርቱ ግን ባለጌ ብላኛለች።

ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ። አንቺና ጋሽ ቪልሆ ስለ ስለቱ አቀማመጥ ስትጨቃጨቁ የሰማው ሁሉ ትምህርቱ የተጀመረ መስሎት ተሰብስቦ የተማረበት ያ ሳምንት ሳይጠቅመን አልቀረም። ሲልቪ ሁለት ሴቶችንና አንድ ወንድ አስተማረች። ጋሽ ቪልሆም አሁን ሲያሳይ ይናገራል፤ እንዲያውም ዝም አልል ብሏል።

ሴፕቴምበር 11 ቀን ሆዴን ቆርጦኝ ወደቅኩ። ትርፍ አንጀት ነው ብለው እዚያው ዕለት ቀደዱኝ። የቀረን ዘጠና አራት በርና አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን ልነሳ ስል ኬርቱ ሱሪዬን ይዛብኝ ቤት ሄደች። ሲልቪ ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ «ስለቱ ተሳለ? እንጨቱ ደረሰ? የመጫኛ መኪናውን ማን ጠራ?» እያልኩ አስጨነቅኳት። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠብቃ፣ «ኦይቫ፣ ተኛ» አለችኝና ይዛ የመጣችውን ፖም ልጣ ሰጠችኝ።

ከሆስፒታል የወጣሁት ሴፕቴምበር 28 ቀን ጠዋት ነው። በቀጥታ ወደ ሥራ ቤቱ ሄድኩ። ግቢው ባዶ ነበር። በሮቹ ከሁለት ቀን በፊት ተጭነው ሄደዋል። የአውራጃው ተቆጣጣሪ ከአራት መቶው የመለሰው አራት ብቻ ነው፤ እነሱንም አስተካክለው ልከዋል። ለአዲስ ሥራ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ኖሮ ሲልቪና ጋሽ ቪልሆ ለክተው፣ ዋጋ ነግረው፣ የኔን ፊርማ ብቻ አስቀርተውልኛል። ራይሞም መጥቶ ነበር። ተመለስ፣ የመጋዝ ክፍሉ ኃላፊ አንተ ነህ፣ የምታውቀውን ግን ለሁለት ሰው ታስተምራለህ አልኩት። ሰኞ ጀመረ።

እትዬ፣ የዚያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ቤቱ ውስጥ ዋልኩ፤ አንድም ሰው ምንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ሰላም ይለኛል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። መጀመሪያ ከፋኝ። ሥራ ፈትቼ ግቢ ውስጥ እንጨት እቆጥር ጀመር። ከዚያ አባቴ አንድም ቀን እንዲህ ቆመው እንደማያውቁ ትዝ አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ለአንድ ሳምንት እንኳ ርቀው አያውቁም፤ ሲሞቱም ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ግቢው መሐል ቆሜ አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

እስከ ዛሬ ከዚያ ሰው ላኪልኝ፣ መጽሐፍ ላኪልኝ፣ ራስሽ ነይልኝ እያልኩ አስቸግሬሻለሁ። አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሥራ ቤቱ ያለ እኔ አንድ ሳምንት መዋል ይችላል። መርከብ ተሳፍሬ አላውቅም። ቬስተሮስ መጥቼ አንቺ ስታስተምሪ ቁጭ ብዬ ባይሽስ?

ጋሽ ቪልሆ ሰላም በልልኝ ብሏል። ከዚህ ሌላ የሚጨምረው እንዳለ ጠይቄው «ጊዜ ካላት» ብሎ ወደ ማሽኑ ተመለሰ፤ ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም።

ኦይቫ


ቬስተሮስ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1974

ኦይቫዬ፣

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አትንገረኝ፤ ደንግጬ ጎረቤቴ ውሃ አጠጣችኝ።

ና። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ስምንት አዲስ ሰዎች ይገቡልኛል፤ የመጀመሪያ ሳምንታቸውን ታያለህ። ፎርማኑን አስፈቅጃለሁ። ለሲልቪ ቁልፉን አስረክበህ ና፤ ቅጂ አታስቀር። ወፍራም ካልሲ ያዝ፣ መርከቡ ላይ ይበርዳል። የማድርበት ቤት ጠባብ ስለሆነ አንተን ጎረቤቴ ዘንድ ነው የማሳድርህ።

«ጊዜ ካላት» ያለህ አልገባኝም ትላለህ። እኔ ገብቶኛል። እሱ ሲናገር ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ይህን ማስተካከል አሥራ ሁለት ቀን አልበቃኝም።

ጊዜ አለኝ በለው። ሊመጣ ይፈልግ እንደሆን ግን እንዳትጠይቀው፤ ብትጠይቀው አልፈልግም ይልሃል። ሁለት ትኬት ቁረጥና ይዘኸው ና።

ሂልያ